ፎቶ ፍሬም ስታስገቡ፦ የትኛው ፍሬም፣ የትኛው ማት?

የእህቴ የምርቃት ፎቶ ሳሎናችን ውስጥ ስድስት ዓመት ተሰቅሎ ነበር። ፍሬሙ ወርቃማና ሰፊ ነው፤ ጥሩ ገንዘብ ወጥቶበታል። ግድግዳውን ቀለም ልናስቀባ ስናወርደው ጥቁሩ ጋውን ላይ እርጥብ የሚመስሉ ነጠብጣቦች አየን። ፎቶው መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። ላላቅቀው ስሞክር የትከሻዋ ቀለም መስታወቱ ላይ ቀረ። በጣም አዘንኩ።

የፎቶ ወረቀት ፊቱ ላይ ስስ የጄላቲን ሽፋን አለው። ጄላቲን እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፤ መስታወት ከነካው ይያዛል። ፍሬም ሠሪው በፎቶውና በመስታወቱ መሀል ምንም አላስገባም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከዚያ ወዲህ ፍሬም ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ፎቶውን ምን ምን እንደሚነካው ነው። የፍሬሙ መልክ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ማት ያለው ወይስ የሌለው?

ማት የምንለው መሀሉ እንደ መስኮት የተቆረጠ ወፍራም ካርቶን ነው። ፎቶው ከኋላው ሆኖ በመስኮቱ ይታያል። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም ፎቶውን ከመስታወቱ የምታርቀው ይህችው ናት። ያለ ማት ወጪው ይቀንሳል፣ ፎቶውም ፍሬሙን ይሞላል። ይህን መልክ ከወደዳችሁ በፍሬሙ ከንፈር ሥር የሚደበቅ ቀጭን ማራቂያ አስገቡበት። ያለ ሁለቱም መስታወት ውስጥ አታስገቡት።

ማቱ ከምን እንደተሠራም ለዩ። ከእንጨት የሚሠራው ተራ ካርቶን አሲድ አለው። በዓመታት ውስጥ የመስኮቱ ጠርዝ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናል፤ እድፉ ወደ ፎቶው ይሻገራል። ከጥጥ የተሠራው ዋጋው ይወደዳል፣ ግን ይህን አያደርግም። ሻጩ «አሲድ የለውም» ካለ ቁራጭ ለምኑት። ግማሹን ሸፍናችሁ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ጥቂት ሳምንት አስቀምጡት። የተገለጠው ግማሽ ቢጫ ከሆነ፣ ተዉት።

ቀለሙን በተመለከተ እኔ ደማቅ ማት አልወድም፤ ዓይን ከፎቶው በፊት እሱን ያያል። ለኛ ፎቶዎች ደግሞ አንድ ልዩ ጉዳይ አለ። ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ የለበሰ ሰው በጣም በነጣ ማት ሲከበብ ልብሱ የቆሸሸ ይመስላል። የጥጡ ነጭ ለስላሳ ስለሆነ ከወረቀቱ ነጭ ጋር ይጣላል። ስለዚህ ከልብሱ ትንሽ የጠቆረ፣ ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ግራጫ ምረጡ። ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱና ማቱን አጠገቡ አድርጋችሁ በቀን ብርሃን እዩት።

ልኩ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ፎቶ 30 በ40 ፍሬም ውስጥ ሲገባ በአራቱም በኩል እኩል 5 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ በጣም ያምራል። ከአሜሪካ በስጦታ የሚመጡት ፍሬሞች ግን በኢንች ናቸው። 8 በ10 የሚለው 20.3 በ25.4 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 20 በ30 ፎቶ አይገባበትም፤ ካልተቆረጠ በስተቀር። 11 በ14 የሚለው ይይዘዋል፤ ግን በጎን 4፣ ከላይና ከታች 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ነው የሚተርፈው። ዘመድ «ፍሬም ልላክ?» ሲላችሁ ልኩን በሁለቱም ንገሩት። የማቱና የፍሬሙ ጠርዝ ስፋት ደግሞ እኩል አይሁን፤ ማቱ ይስፋ።

እንጨት፣ አሉሚኒየም፣ ፕላስቲክ ወይስ ላሚኔት?

ለቤተሰብ ፎቶ የኔ ምርጫ እንጨት ነው። ዋንዛ መልኩም ሞቅ ያለ ነው፣ ሲጠረብም ይታዘዛል። ዋናው በደንብ መድረቁ ነው፤ ያልደረቀ እንጨት ሲደርቅ ማዕዘኑ ይከፈታል። በጥፍራችሁ መጋጠሚያውን ዳብሱት።

ከ50 በ70 በላይ ለሆነ ፎቶ አሉሚኒየም ይሻላል። ቀጭን ሆኖም አይጣመምም፤ በብሎን ስለሚገጠም መፍታቱም ቀላል ነው። ፕላስቲክ እስከ 20 በ30 ድረስ ምንም አይልም። ከዚያ በላይ መሀሉ ይጎብጣል።

ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ላይ ተለጥፎ ላሚኔት የሚደረገው፣ ማለትም ፊቱ በስስ ፕላስቲክ የሚሸፈነው፣ ርካሽ ነው፣ መስታወት የለውም፣ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ አይሰበርም። ግን አንዴ ከተለጠፈ አይላቀቅም፤ እርጥበት ሲያገኘው ጠርዙ ያብጣል። ፋይሉ በእጃችሁ ላለና ደግማችሁ ልታሳትሙት ለምትችሉት ፎቶ ይበቃል። የአያቶቻችሁን አንድ ብቻ የቀረ ፎቶ ግን በፍጹም እንዳትሰጡ። እሱን ስካን አስደርጋችሁ ቅጂውን ስቀሉ፤ ዋናው ብርሃን በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ይቀመጥ።

መስታወት ወይስ አክሪሊክ?

2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 50 በ70 መስታወት 1.75 ኪሎ ይመዝናል። እንደ መስታወት የሚያሳየው ፕላስቲክ፣ አክሪሊኩ፣ ግማሹን አይሞላም። አልጋ በላይ ለሚሰቀል ወይም በሻንጣ ለሚሄድ አክሪሊክ ይመረጣል። ችግሩ በቀላሉ ይጫራል፣ አቧራም ይስባል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ያደበዝዘዋል፤ በለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት። መስታወት ንጹሕነቱን ይጠብቃል። ተራው መስታወት ግን ፎቶ የሚያደበዝዘውን የማይታይ የፀሐይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌትን፣ በደንብ አያግድም። የሚያግደው ዓይነት ውድ ነው፤ እሱም ቢሆን መደብዘዝን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ገንዘብ ካጠረ ፎቶውን ከመስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉ።

የጀርባው ነገር

ፎቶው ማቱ ላይ በተራ ፕላስተር ከተለጠፈ ሙጫው ዓመታት ቆይቶ እድፍ ይተዋል። አራቱን ጫፎች የሚይዙ የወረቀት ማዕዘኖች ይሻላሉ፤ ሙጫው ፎቶውን ሳይነካው ይቀመጣል። የፍሬሙ ጀርባ ዙሪያውን በወረቀት ፕላስተር ይታሸግ። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ቤት ጢሱ ባልታሸገ ጀርባ ይገባል። ታችኛው ሁለት ማዕዘን ላይ የቡሽ ቁራጭ ይለጠፍ፤ በክረምት ከሚረጥበው ግድግዳ ያርቀዋል፣ አየርም ያዘዋውራል።

ፍሬማችሁን ስትረከቡ ጀርባው ከመታሸጉ በፊት ሁኑ። ፎቶው በምን እንደተያዘ፣ ከኋላው ምን ካርቶን እንደገባ በዓይናችሁ እዩ። እኛ የእህቴን ፎቶ ፋይል ከፎቶ ቤቱ አግኝተን እንደገና አሳትመነዋል። አሁን ክሬም ማት ውስጥ ነው፤ ከሳሎኑ የውጭ ግድግዳ አውርደን በኮሪደሩ በኩል ሰቅለነዋል።