ማርሚታዬን አልቆርጥም ላሉኝ ጋሼ ምስጋና

መርካቶ ሶማሌ ተራ አካባቢ የጭስ ማውጫ ብቻ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ካስከፈሉኝ ገንዘብ ይልቅ ያላስወጡኝ ስለሚበልጥ በአደባባይ ላመሰግናቸው ወደድኩ።

የምነዳው ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ ነው፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳመላልስ ስለምውል ቤንዚን ላይ የምትጨመር እያንዳንዷ ብር ከልጆቼ ወጪ ላይ ነው የምትነሳው። ከጥቂት ወራት ወዲህ መኪናዋ በሊትር ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ አልሄድ አለችኝ። የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ምክራቸው አንድ ነበር፤ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) አስቆርጠሽ ቀጥ ያለ ቱቦ አስበይጂ፣ ካታሊቲኩንም (ቱቦው ላይ ያለውን ጭስ ማጣሪያ) አስወጪው፣ ሞተሩ ሲተነፍስ ነዳጅ ይቀንሳል። አንድ ጋራዥም ለዚሁ ሥራ ዋጋ ነግሮኝ ነበር። የሚወጣውን ካታሊቲክ ግን እዚያው ትቼ እንድሄድ ነው የፈለጉት።

ጋሼ ጋ የሄድኩት ዋጋ ላወዳድር ነው። እሳቸው ግን መቁረጫ አላነሱም። «ልጄ፣ መጀመሪያ ታፍኖ እንደሆነ እንየው» አሉና በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን የኦክስጅን ሴንሰር ፈትተው በቀዳዳው ላይ የግፊት መለኪያ ጌጅ አሰሩ። ነዳጁን ረግጬ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ እንድይዘው አዘዙኝ። ካታሊቲክ ሲደፈን በዚህ ዙር ጌጁ ከ3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ ይወጣል፤ የኔ 1 አካባቢ ቆመ። «ይሄ ቱቦ ጤነኛ ነው። ብቆርጠው ጩኸት ነው የምጨምርልሽ» አሉኝ።

ቁጭ አድርገውም አስረዱኝ። ሰፊ ቱቦ ጥቅሙ የሚታየው ሞተር ከፍ ባለ ዙር ተይዞ ብዙ ጭስ ሲተፋ ነው፤ ከመገናኛ ሜክሲኮ በመንገድ መጨናነቅ የሚጎተት ትንሽ ሞተር እዚያ ዙር የሚደርሰው ስንቴ ነው? ለእሱ ፋብሪካው የሠራው ቱቦ በቂ ነው። የመኪናችንን ድካም ማርሚታ ላይ እናላክካለን እንጂ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ሲሠራ ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ይህን ደግሞ በመቁረጥ የሚመልሰው የለም።

ታዲያ ቤንዚኑ የት ይሄዳል? መኪናዋን እሳቸው ጋ እንዳሳድራት ጠየቁኝ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ እንደቀዘቀዘ አስነሱትና ወፍራም ጨርቅ በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ተጭነው ያዙ። ያኔ ከፊት በኩል ትክ ትክ ትክ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሞተሩ እየሞቀ ሲሄድ ድምፁ ጠፋ፤ ብረቱ ሲሞቅ ተለጥጦ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ነው አሉ። ለካ ሌሎቹ ጋራዦች ያልሰሙት መኪናዋ ሞቃ ስለምትደርሳቸው ኖሯል። ከሥር ገብተው በባትሪ ሲያበሩልኝ ቱቦው ከሞተሩ ጋር በሚያያዝበት መጋጠሚያ ላይ ቀጭን የጥላሸት መስመር አየሁ፤ አንዱ ብሎን ተበጥሷል፣ ጓርኒሲዮኑም (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ተበልቷል።

ቦታው ከኦክስጅን ሴንሰሩ በፊት መሆኑ ነው ጉዱ። ጭሱ በምት በምት ስለሚወጣ በምቶቹ መካከል የውጭ አየር በክፍተቱ ይሳባል። ሴንሰሩ ትርፍ ኦክስጅን ሲያገኝ ቤንዚን አንሷል ብሎ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም አምኖት ይጨምራል። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ነው ልኩ፤ ኮምፒውተሩ ልኩን የጠበቀ እየመሰለው ነዳጅ ሲያፈስ ነበር። የመኪናዋን ኮምፒውተር በሚያነብ ስካነር አሳይተውኛል፤ ከመደበኛው በላይ 18 በመቶ ነዳጅ ይጨምር ነበር፣ ከተሠራ በኋላ ወደ 3 በመቶ ወረደ።

የእጃቸው ነገር ደግሞ ለብቻው መነገር አለበት። የተበጠሰው ብሎን ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ቀሪው ጉጥ ላይ ዳዶ በይደው፣ ብየዳው ገና ሳይቀዘቅዝ ወዲያና ወዲህ እያሉ በቀስታ አወጡት፣ ጥርሱ ሳይበላሽ። ጓርኒሲዮኑንና ብሎኖቹን ቀየሩ። ከዚያ ቱቦውን ከሥር የሚያንጠለጥሉትን ጎማዎች አሳዩኝ፤ ሁለቱ ተቀድደው ቱቦው በየጉድጓዱ ይወዛወዝ ስለነበር ነው ብሎኑ የተበጠሰው። እነሱንም ቀየሩ። ሴንሰር መግዛት አለብኝ ብዬ ገንዘብ ይዤ ነበር፣ በስካነሩ አይተው «ደህና ነው፣ አትግዢ» አሉኝ።

አሁን በዚያው መንገድ በሊትር ወደ 13 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። የሚፈሰው ጭስ ከፊት በኩል ወደ ውስጥ ሊገባ ይችል እንደነበር የነገሩኝን ሳስብ ደግሞ የበለጠ አመሰግናለሁ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ እኔ ደግሞ ዝናብ ሲሆን መስኮት ዘግቼ ሰው ነው የምጭነው።

ካታሊቲኩን በተመለከተ፣ ውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም አለበት፤ ለዚህ ነው የሚፈለገው። መርዛማውን ጭስ የሚያጠራውም እሱ ነው። ሊያወጣላችሁ የሚቸኩል ካለ፣ ያወጣውን ይዛችሁ እንድትሄዱ ይፈቅድላችሁ እንደሆነ ጠይቁት። ከ2024 ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ያለን መኪና ላይ የሚሠራው ሥራ እንዲህ ዓይነት ሰው እጅ ቢገባ ይሻላል።

ብቻቸውን ስለሚሠሩ ወረፋ አለ፤ የሚቸኩል አይሄድም። ጠዋት በማለዳ ሂዱ፣ ወይም አሳድሯት፤ የሞቀ ሞተር አያዩም። ለጩኸት ማርሚታ የሚያስቆርጥ ከሆነም ይመልሱታል። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ ስላልፈለጉ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን አመላክታለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።