ባርነትን ለማስቀረት የቱ ይሻላል? ስብከት ወይስ የምርጫ ድምፅ?

የአሜሪካ ፀረ ባርነት ታጋዮች በዚህ ጥያቄ ለሁለት ተከፍለው ነበር። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን በ1831 ቦስተን ላይ ጋዜጣ ሲጀምር የተማመነው በስብከት ነው። ባርነት ኃጢአት ነው፤ ኃጢአት ደግሞ ንስሐ እንጂ ድርድር አያሻውም። ሕገ መንግሥቱን ከባሪያ አሳዳሪዎች ጋር የተገባ ውል አድርጎ ስላየው፣ በ1854 የነፃነት በዓል ዕለት ፍራሚንግሃም ላይ ሕዝብ ፊት አቃጠለው።

ፍሬድሪክ ዳግላስ ራሱ ከባርነት ያመለጠ ሰው ነው። መጀመሪያ ከጋሪሰን ጎን ነበር። በ1851 ግን ይኸው ሕገ መንግሥት ለነፃነት መታገያ ይሆናል ብሎ መንገዱን ለየ፤ ወደ ምርጫ ፖለቲካም ዞረ።

ዋጋ፦ ስብከት ዱላ ያመጣል። በ1835 ቦስተን ውስጥ የተቆጣ ሕዝብ ጋሪሰንን በገመድ አስሮ ጎትቶታል። ምርጫ ትዕግሥት ይጨርሳል። ፀረ ባርነት የነበረው ሊበርቲ ፓርቲ በ1840 የፕሬዚዳንት ምርጫ ያገኘው 7,000 ገደማ ድምፅ ብቻ ነው።

አደጋ፦ ሰባኪው ብቻውን ሊቀር ይችላል። ፖለቲከኛው ሲደራደር ዓላማው ይሸረሸርበታል። እኔን የበለጠ የሚያሰጋኝ ይሄ ሁለተኛው ነው።

ሕዝቡ ግፉን ገና እንደ ግፍ ካላየው፣ የጋሪሰን መንገድ ይቀድማል። ብዙ ሰው አምኖ የቀረው ሕግ ማውጣት ብቻ ከሆነ ግን የዳግላስ ይሻላል።