ስልኬ ላይ የመጣው 312 የማን ነው?

ለእማዬ ብሉቱዝ ያለው የስኳር መለኪያ የገዛሁት ተክለሃይማኖት አካባቢ ካለ የሕክምና ዕቃ መደብር ነው። ወር ሞላን። ማሽኑን ወድጄዋለሁ። ትንሽ ጠብታ ደም ይበቃዋል፤ ቁጥሩም ጎላ ያለ ስለሆነ እማዬ ያለ መነጽር ታነበዋለች። ደሙ የሚነካበት ስትሪፕ ግን ኪስ ይጎዳል።

ያሳዘነኝ የመደብሩ አገጣጠም ነው። ልጁ ስልኬን ተቀብሎ ከማሽኑ ቁጥሩን የሚቀበለውን አፕ ጫነ፣ አንድ ሁለት ቦታ ነካካ፣ "አለቀ" ብሎ መለሰልኝ። ማታ ቤት ስንለካ ማሽኑ 148 አለ። አፑን ስከፍት ግን 312 በቀይ ተጽፏል፤ የዚያኑ ዕለት 10 ሰዓት ላይ። እማዬ አየችው። "ይሄን ያህል ወጥቶብኛል እንዴ?" ብላ ወደ ፍሪጁ ሄደች። ኢንሱሊኗ እዚያ ነው። እጇን ያዝኳት። 10 ሰዓት ላይ እኮ ታክሲ ውስጥ ነበርን! በ148 ላይ ለ312 የሚሆን መርፌ ብትወጋ ስኳሯ ከልክ በላይ ወርዶ ሌሊት ራሷን ልትስትብኝ ትችል ነበር።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። ለካ ልጁ ለደንበኛው ሁሉ የሚያስገባው አንድ የመደብሩን ኢሜይል ነው። ፓስወርዱን ፊቴ ጻፈው፤ ከ1 እስከ 8 ያሉት ቁጥሮች። የስንቱ ሰው ስኳር አንድ ቋት ውስጥ ተደባልቋል! የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ከምስጢሩ ይልቅ መርፌው ነው።

ልጁ አልተከራከረኝም። የመደብሩን አካውንት ከስልኬ አወጣ፣ በራሴ ኢሜይል አዲስ ከፈትን፣ ረዘም ያለ ፓስወርድ መረጥኩ። ማሽኑን እንደገና ስናገናኝ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ጠየቀ። ይሄን አምራቹ ጥሩ አስቦበታል፤ ማሽኑን በእጁ ያልያዘ ሰው ዝም ብሎ አይገናኝም። አፑ ሎኬሽን ሲጠይቅም አትደንግጡ። እስከ አንድሮይድ 11 ድረስ ያሉ ስልኮች የብሉቱዝ ዕቃ ለመፈለግ ይጠይቁታል። የስልክ ቁጥሮቻችሁን ልይ ካለ ግን እምቢ በሉት።

ከመክፈላችሁ በፊት "አፕዴት ይመጣለታል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ አንዳንድ የሜድትሮኒክ ሚኒሜድ ኢንሱሊን ፓምፖችን (ኢንሱሊን በራሳቸው ወደ ሰውነት የሚያስገቡ ማሽኖችን) የያዙ ሰዎች እንዲቀይሯቸው አሳስቦ ነበር። አጠገብ ያለ ሰው በገመድ አልባ ገብቶ የሚሰጡትን ኢንሱሊን ሊለውጥ ይችላል፤ ሶፍትዌራቸው ደግሞ ክፍተቱን በሚደፍን መልኩ የሚታደስ አልነበረም። የእኛ መለኪያ ቁጥር ብቻ ነው የሚልከው። እሱም ቢሆን ምን ሊያደርገን እንደነበር አይተናል።

ስለዚህ ማሽኑን ግዙ፤ አካውንቱን ግን ራሳችሁ ክፈቱ።

ስወጣ ልጁ የሽያጭ ደብተሩን ዘርግቶ ለደንበኞቹ ሊደውል ነበር። "መጀመሪያ ትናንት ከሰዓት ለገዛው ሰው ደውልለት" አልኩት። "312 የእሱ ከሆነ እስካሁን አላየው ይሆናል።"