የእማዬ ሳሎን መጋረጃ

ለፋሲካ ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ስገባ በልቤ የያዝኩት አንድ ነገር ነበር፤ የእማዬን ሳሎን መጋረጃ መቀየር። አሮጌውን ፀሐይ በልቶት ሲነኩት ይቀደዳል። ተሰፍቶ ያለቀለት ይዤ ልሂድ ብዬ ነበር። አሜሪካ ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ግን በብዛት ቁመቱ 84 ወይም 96 ኢንች ነው፤ በሜትር 2.13 ወይም 2.44። የእማዬ ቤት 2.60 ይፈልጋል። ስለዚህ እዚያው አዲስ አበባ ማሰፋት ነበረብኝ።

ጨርቁን መርካቶ ገዛሁ። ሻጩን ልጅ አመሰግነዋለሁ። ጥቅሉን ደጅ አውጥቶ በፀሐይ አሳየኝ፣ በእጄ ጨምድጄ እስካየው ታገሰኝ። ጥጥ የተቀላቀለበት፣ ወርዱ 2.80 የሆነ ቡናማ ጨርቅ መረጥኩ። እንዲህ ያለው ጨርቅ ተጋድሞ ሲሰፋ ወርዱ ቁመት ይሆናል፤ መሃሉ ላይ መገጣጠሚያ አይኖረውም።

የተቃጠልኩት ስፌቱ ላይ ነው። መጀመሪያ የሰጠሁት ሱቅ ልኩን በስልክ ተቀበለኝ። ማንም ቤት መጥቶ አላየም። «ሐሙስ ይደርሳል» አሉኝ። ሐሙስ ስሄድ «መብራት ጠፍቶ ነው፣ ነገ ነይ»። ነገ የተባለው ሰኞ ሆነ። ሰቅለን ስናየው ሽንሽን የሚባል የለውም፤ እንደ አንሶላ ተወጥሮ ቀረ። ሜትር አምጥቼ ለካሁት። ያስረከብኩት 5 ሜትር፣ የተሰፋው 3.60! ስጠይቃቸው «ቁርጥራጭ ሆኖ ተጣለ» አሉኝ። ከገንዘቡ በላይ የከፋኝ እማዬ «ይሁን ልጄ፣ ያምራል» ስትለኝ ነው።

ከዚያ ጎረቤታችን አንዲት መጋረጃ ሰፊ ጠቆመችን። ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ቤት ድረስ መጣች። መስታወቱን አልለካችም፤ ዘንጉን ነው የለካችው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.40። «እማማ፣ ጠዋት ፀሐይ በየት በኩል ነው የሚገባው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ሽንሽኑ እንዲያምር የዘንጉ እጥፍ ያስፈልጋል፤ 4.80። ለጎንና ጎኑ ማጠፊያ ጨምረሽ 5 ሜትር ግዢ» አለችኝ። ከ2.80ው ላይ 8 ሳንቲም ከላይ አጥፋ፣ 12 ሳንቲም ከታች ለጫፉ ተወች። «ጥጥ አለበት፣ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ይችላል። ያኔ ከዚህ እንለቅለታለን።»

እንደገና መርካቶ ወርጄ 5 ሜትር ገዛሁ። እሷ በእግር የምትረገጥ ሲንጀር ስላላት መብራት ጠፋ አልጠፋ ግድ አልነበራትም። የሕማማት ሳምንት ረቡዕ ማታ ተኩሳ አመጣችው፣ ወንበር ላይ ወጥታ ራሷ ሰቀለችው። ከሱቁ ትንሽ ከፍ ያለ ዋጋ ነው ያስከፈለችኝ፤ ይገባታል። ያበላሹትንም አልጣለችውም፤ ለእማዬ መኝታ ቤት ጠባብ መስኮት አስተካክላ ሰፋችው።

ለበዓል ሄዳችሁ መጋረጃ የምታሰፉ ካላችሁ፣ ቤት መጥቶ ለማይለካ ሰው ጨርቃችሁን አትስጡ። ቀብድ ክፈሉ፣ ቀሪውን ግን ተሰቅሎ ሳታዩ አትክፈሉ። የበዓል ሰሞን ሰፊዎች ሥራ ስለሚበዛባቸው በደረሳችሁ ሳምንት ጀምሩት።

ባለፈው እሑድ እማዬ ደወለች። መጋረጃው ታጥቦ አንድ ጣት ያህል አጥሯል። «ልጅቷ ቅዳሜ መጥታ ትለቀዋለች፣ ቡና አፈላላታለሁ» አለችኝ።