ሼድ ውስጥ እንጨት ለምትሠሩ ሁሉ፦ ይህቺን ባለሙያ ጥሯት

ይህ ምስጋና የሥራ ቦታ ደህንነትና የአየር ጥራት አማካሪ ለሆነች እህታችን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የእንጨት ሥራ ማኅበር አለን፤ ቁም ሳጥን፣ የኩሽና ካቢኔት፣ በር እንሠራለን። ኤምዲኤፍ (የእንጨት ጭረት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ይቆረጣል፣ እንጨት ይላጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፣ እዚያው ሼድ ውስጥ ቨርኒሽ ይቀባል። ሰጋቱራውና የቲነሩ ሽታ የምታውቁት ነው። ሠራተኞቹ ልጆች ማሳል ሲያበዙ አንድ ደንበኛችን "ሰው ልላክላችሁ" አለና እሷ መጣች። እንዲህ ዓይነት ሙያ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው።

መሣሪያዋን ከቦርሳ ከማውጣቷ በፊት ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብላ አወራች። ሳሉ መቼ ይብሳል? እሁድ ቤት ስትውሉ ይሻላችኋል? ሰኞ ስትገቡስ? በእረፍት ቀን ቀለል ብሎ ሥራ ሲገባ የሚመለስ ሳል ካለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሥራ ቦታው ነው አለችን። አለቆቹን ብቻ ጠይቃ ብትሄድ ኖሮ ይህን ሁሉ አትሰማም ነበር፤ ልጆቹ ለእኛ ያልነገሩንን ነው ለእሷ የነገሯት።

ሰኞን የመጠየቅ ልማድ ያመጣችው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የተማረችው ጎንደር ነው፤ የጤና ኮሌጁ በ1954 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ጀምሮ ሳኒታሪያን (የአካባቢ ጤና ተቆጣጣሪ) ሲያሠለጥን የኖረበት ከተማ። ሥራ የጀመረችውም በሳኒታሪያንነት ወረዳ ላይ ነው፤ ምግብ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ የውኃ ጉድጓድ እየዞረች ትቆጣጠር ነበር። ከዚያ ፋብሪካ ሴፍቲ ኦፊሰር ሆና ገባች። የጥጥ ብናኝ የሚተነፍሱ ፈታዮች እሁድን አርፈው ሰኞ ሲመለሱ ደረታቸውን ጭምቅ ያደርጋቸዋል፤ ቢሲኖሲስ የሚባለው በሽታ ምልክቱ ይህ ነው። ለምን ወጥተሽ በግልሽ መሥራት ጀመርሽ ብዬ ስጠይቃት "ትልልቆቹ ሴፍቲ ኦፊሰር ይቀጥራሉ፣ እንደናንተ ያሉትን ማን ያያቸዋል?" አለችኝ። ይህቺን መልስ በጣም ነው የወደድኳት።

ወደ ሼዱ ልመለስ። ሰንደል ለኮሰችና ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ እየተከተለች ዞረች። ከቨርኒሹ ክፍል በላይ የተሰቀለው ቬንቲሌተር የቲነሩን ሽታ ወደ ውጭ አያወጣውም፤ ጎትቶ የሚፈትጉት ልጆች ላይ ነው የሚደፋው። ሁላችንም ቆመን በዓይናችን አየነው። በማግስቱ ልጆቹ ወገብ ላይ ትንንሽ ፓምፕ አሰረች፤ ማጣሪያው አንገት አጠገብ ይሰካና ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሱትን ብናኝ ይሰበስባል፣ ከሥራ በፊትና በኋላ ተመዝኖ ልዩነቱ ይታወቃል። መሬት ላይ የሚወድቀው ሰጋቱራ ሳይሆን የማይታየው ደቃቁ ነው ሳንባ የሚገባው አለች። የእንጨት ብናኝ ደግሞ ሳል ብቻ አይደለም፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው ነገር ነው፣ በተለይ የአፍንጫ ካንሰር። ኤምዲኤፍ ሲቆረጥ ከሙጫው የሚወጣው ፎርማልዴሃይድም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ።

ስለ ወተት የነገረችንን ሳልጽፍ አላልፍም፣ ምክንያቱም ቀለም ቤቱም ጋራዡም ይህን ያደርጋል። ለሠራተኛ ወተት ይገዛል፣ "ብናኙን ያጥባል" ይባላል። ወተት የሚሄደው ሆድ ነው፣ ብናኙ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ለምግብነቱ ጠጡት፣ ግን ከአቧራ ያድነናል ብላችሁ አትዘናጉ አለች። አንድም ሰው አልተቀየመም፤ ሥዕል እየሳለች ስላሳየቻቸው ይመስለኛል።

አማካሪ ሲባል ማስክ አድርጉ ብሎ የሚሄድ ሰው ለሚመስላችሁ፣ እሷ ማስክን ያነሳችው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ብናኙ የሚነሳበት ቦታ ላይ መያዝ፦ መጋዙና መፈተጊያው ላይ መሳቢያ ቱቦ። በኮምፕሬሰር ልብስና ወለል መንፋት ማቆም። ደረቅ መጥረጊያውን በመምጠጫ መተካት። የቲነር ቆርቆሮ ክዳን ይከደን፣ ቨርኒሹ ከመፈተጊያው ተለይቶ ውጭ የሚያስወጣ ቬንቲሌተር ይኑረው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሚቀረው ነው ማስክ፤ ያውም ለብናኝ የሚሆነው ለቲነር አይሆንም፣ ለቲነር የከሰል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ለጆሮም እንዲሁ፤ ክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ ድምፁ ጆሮ ይጎዳል ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናት ግን ማንም ሳይጠይቃት የጥበቃ ቤቱን ስላየች ነው። የጥበቃ አባታችን በክረምት ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥለው፣ ሲቀላ ወደ ውስጥ አስገብተው፣ በሩን ዘግተው ይሞቁ ነበር። "አባባ፣ ፍሙ ቀላ ማለት ጋዙ የለም ማለት አይደለም" አለቻቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ከዚያ እንቅልፍ የመሰለ ነገር ይጥላል። መለኪያዋን በከሰሉ አጠገብ አስቀምጣ ቁጥሩ ሲወጣ አሳየቻቸው። አሁን ወፍራም ጋቢና ብርድ ልብስ ገዝተንላቸዋል፣ ከሰል ወደ ውስጥ አይገባም። ክረምት በመጣ ቁጥር የምንሰማውን መርዶ ስለምታውቁ ብዙ አልልም።

ሪፖርቷ በአማርኛ ነው። ምንም ወጪ ከማይጠይቀው ጀምሮ ውድ እስከሆነው በቅደም ተከተል ተጽፏል፣ ስለዚህ ገንዘብ እስክናገኝ አልጠበቅንም። ማስክም ቬንቲሌተርም አትሸጥም፣ ከየት እንደምንገዛም አልወሰነችልንም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 መሠረት መከላከያ ማቅረብና አጠቃቀሙን ማሳየት የአሠሪው ግዴታ መሆኑንም ሳትለሳልስ ነገረችን። ከወራት በኋላ ተመልሳ ለካች፤ ብናኙ ከግማሽ በታች ወርዷል። የልጆቹ ሳልም ቀንሷል፣ አንዱን ልጅ ግን ሐኪም ጋ እንድንልከው አሳስባ ልከነዋል፣ ክትትል ላይ ነው።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ልጆቹም አባባም ሰላም በይልን ብለዋል።

ስልኳን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ፣ ፈቅዳልኛለች። ስትጠሯት ማሽኖቹ ሁሉ የሚሠሩበትን ቀን ምረጡ፣ እንግዳ ይመጣል ብላችሁም ሼዱን አታጽዱት፤ እንደ ወትሮው ሆኖ ነው ማየት የምትፈልገው።