ሽጉጥ መሰሉ ቴርሞሜትር ሰማይ ላይ ሲደገን

ሳይነካ ከርቀት ሙቀት የሚለካው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የተሠራው ለሞተርና ለምድጃ ነው። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ግን ዓይን የማያየውን ደመና ይናገራል፤ ውርጭ ለሚያሰጋው ገበሬ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ሲገዙ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ድረስ ወርዶ የሚያነበውን ይምረጡ። በኮቪድ ጊዜ የተለመደው የግንባር መለኪያ የሚያነበው የሰው ገላ ሙቀት አካባቢ ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ አይረባም።

ከቤት አውጥተው 20 ደቂቃ ያህል ውጭ ያቆዩት፤ መሣሪያው ራሱ ካልቀዘቀዘ ንባቡ ይዛባል። ቀዩን ሌዘር ያጥፉ፤ ለማነጣጠሪያ እንጂ ለልኬት አይደለም፣ አብራሪንም ያውካል። ከዚያ ቀጥታ ወደ አናት ይደግኑ። ወደ አድማስ ካዘነበለ በብዙ አየር ውስጥ ስለሚያይ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ዛፍና ጣሪያም ያሳስቱታል።

በግምት ሰማዩ ከአካባቢው አየር በ25 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከቀዘቀዘ ጥርት ያለ ነው። ልዩነቱ ከ5 በታች ከሆነ ዝቅ ባለ ወፍራም ደመና ተጋርዷል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ጥርት ያለ ሰማይ ከነፋስ አልባ ሌሊት ጋር ከገጠመ መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለችና ንጋት ላይ ውርጭ ይጠበቃል። ችግኝ በገለባ የሚሸፈነው ያኔ ነው።

ትልቁ ድክመቱ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፈው ስስ የበረዶ ደመና ነው፤ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። እሱን ጨረቃዋ ራሷ ታሳያለች፦ ክንድ ተዘርግቶ ከእሷ አንድ ስንዝር ያህል (22 ዲግሪ) ርቆ ክብ ይታያል። ክቡ ግን ለነገ ዝናብ ዋስትና አይሆንም።