«ባትሪ የለውም» ብሎ የሸጠልኝን ማብሪያ ስከፍተው ባትሪ አገኘሁበት

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከበረደልኝ «ኧረ ይቅር» ብዬ ልተወው እችላለሁ። እነሱም የሚኖሩት እኛ «ይቅር» በምንለው ነገር ነው።

ሻጩን ታውቁታላችሁ። ስሙን አይደለም፣ ዓይነቱን። ግድግዳው ላይ የማሳያ ሰሌዳ ሰቅሏል፤ ሰሌዳው ላይ አምፖሎች ተደርድረዋል። እጁ ላይ አንድ ነጭ ማብሪያ አለ። ከምንም ጋር አልተያያዘም። «ገመድ የለውም። ባትሪ የለውም። ዋይፋይ አይፈልግም። አንዴ ካስገጠሙት ዞር ብለው አያዩትም» ይላል። ከዚያ በሩን አልፎ ይወጣና ከውጭ ይጫነዋል። ውስጥ አምፖሉ ቦግ ይላል። ተመልሶ ሲገባ አምፖሉን አይደለም የሚያየው፣ የእናንተን ፊት ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ካርቶን መቁጠር ብቻ ነው።

ገመድ አልባ የፈለግኩት ግድግዳ ማስበሳት ስላልፈለግኩ ነው። የመኝታ ቤቱም የኮሪደሩም ማብሪያ የተተከለበት ቦታ አይመችም። ባትሪ የሌለው የፈለግኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። ቤት ውስጥ የሚድህ ልጅ አለ። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው። እነዚያ ክብ፣ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ባትሪዎች ቤቴ እንዲገቡ አልፈልግም። ይህንንም ለሻጩ በግልጽ ነግሬዋለሁ። «እመቤቴ፣ ልጅ ላለበት ቤት ከዚህ የተሻለ አያገኙም። ውስጡ ማግኔትና ሽቦ ብቻ ነው» አለኝ። ካርቶኑንም አዙሮ አሳየኝ። የባትሪ ሥዕል አለ፤ በቀይ መስመር ተሰርዟል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቴክኖሎጂው ራሱ ውሸት አይደለም። እውነተኛው ባትሪ አልባ ማብሪያ አለ፣ በደንብም ይሠራል። ስትጫኑት ውስጡ ያለው ማግኔት ከጥቅል ሽቦው አንጻር ድንገት ይንቀሳቀሳል፤ በዚህች ቅጽበት ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ፋራዳይ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1831 ነው ያሳየው። የሚገኘው ጉልበት ኢምንት ነው። ግን አንዲት አጭር የሬድዮ መልእክት በሚሊሰከንዶች ውስጥ ልኮ ዝም ለማለት ይበቃል። ኤንኦሽን የሚባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሲመንስ ተነጥሎ ሲቋቋም ይዞት የወጣው ሐሳብ ይኸው ነው። አውሮፓ ውስጥ በ868 ሜጋኸርዝ የሚሠሩት ማብሪያዎቹ በየቢሮው ተገጥመዋል። ሂዩ ታፕ የምትባለው የፊሊፕስ ክብ ማብሪያም ያለ ባትሪ ነበር የምትሠራው።

ታዲያ ጉልበቱ ከየትም አይመጣም፣ ከጣታችሁ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ጠንከር ይላል። ሲጫኑት «ቀጭ» ይላል፣ ሲለቁትም እንደገና «ቀጭ»። ሻጩ እጅ ላይ የነበረው እንደዚያ ነበር። ሰጥቶኝ ራሴ ተጭኜዋለሁ፤ አውራ ጣቴ ላይ ተሰምቶኛል።

ቤት ያመጣሁት ለስላሳ ነው። ሲነኩት ድምፁ እንኳ አይሰማም፤ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ትላለች። ያኔውኑ ደወልኩለት። «እሱ አዲሱ ሞዴል ነው እመቤቴ፣ ተሻሽሎ ነው፤ የድሮው ጣት ያደክማል» አለኝ። ድምፁ ላይ አንዲት ቅንጣት መንተባተብ የለም።

በመሃል ሌላም ጉድ አለ፣ እሱን ቶሎ ልለፈው። «ከስማርት አምፖሎችዎ ጋር ይግባባል» ብሎኝ ነበር። አይግባባም። ከማብሪያው ጋር የሚመጣው ሪሲቨር ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ የአምፖሉን መስመር መቁረጥና መቀጠል ብቻ ነው የሚያውቀው። በ433 ሜጋኸርዝ ነው የሚሰማው፣ ጀርባው ላይ ተጽፏል። የኔ አምፖሎች ደግሞ ዚግቢ በሚባለው የስማርት ዕቃዎች መነጋገሪያ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው የሚነጋገሩት። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ማብሪያውን ባጠፋሁ ቁጥር አምፖሉ ኃይል ያጣና ስልኬ ላይ «ኦፍላይን» ብሎ ቁጭ ይላል። ያንን ሁሉ ብር የከፈልኩበት ስማርት አምፖል ተራ አምፖል ሆነ ማለት ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ገጥሞ ሲጨርስ ራሱን ነቅንቆ «ማነው እንዲህ ያለሽ?» ብሎኛል። ይህን እንኳ ችዬው ነበር።

ከዚያ የመኝታ ቤቱ ማብሪያ ከግድግዳው ወደቀ። በባለሁለት ፊት ፕላስተር ነበር የተለጠፈው። መሬት ሲነካ ክዳኑ ተፈነቀለ፤ አንድ ክብ ነገር ወጥቶ እየተንከባለለ አልጋው ሥር ገባ። ልጁ ምንጣፉ ላይ ነበር። እሱም አይቶታል፤ ፊቱን አዙሮ መዳህ ጀምሯል። ቀድሜው በሆዴ ተኝቼ አወጣሁት። ላዩ ላይ «ሲአር2032» ይላል። የክቡ ስፋት 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር፣ 3 ቮልት። ቁጥሩ ራሱ መጠኑን ነው የሚናገረው።

ልጅ የሌላችሁ «ባትሪ አይደል እንዴ፣ ምን አካበዳችሁት» ትሉ ይሆናል። ይህ መጠን የሕፃን ጉሮሮ ላይ የሚሰነቀር መጠን ነው። እርጥብ ሥጋ ሲነካ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በአሉታዊ ጎኑ በኩል ሥጋ የሚያቃጥል ኬሚካል ይፈጠራል። በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። «አልቋል» ተብሎ የወጣው ባትሪም ቢሆን ያው አደገኛ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 የባትሪ ክዳን ሕፃን በማይከፍተው መንገድ እንዲሠራ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው በዚሁ ምክንያት ነው። የኔ ማብሪያ ክዳን ብሎን የሚባል ነገር የለውም። የቀሩትን በጥፍሬ ነው የከፈትኳቸው፣ ካቻቢቴ እንኳ አላስፈለገም። ሁሉም ውስጥ ባትሪ አለ። ማግኔት የሚባል የለም። ጥቅል ሽቦ የሚባል የለም።

አሁን ወደ ሱቁ እንሂድ። ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህቺን አልረሳም።

ስገባ ለአንድ ሰውዬ ያንኑ ትርዒት እያሳየ ነው። ጨርሶ ገና ከበር መመለሱ ነው። ምንም አልተናገርኩም። የተፈነቀለውን ማብሪያ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ፣ ባትሪውን አጠገቡ። አየው። እኔ የጠበቅኩት መደንገጥ ነው። ቢያንስ ፊቱ ቅይር ይላል ብዬ ነበር፣ ወይም «ይቅርታ፣ አስመጪው አታሎን ነው» የሚል ነገር። አልደነገጠም። ባትሪውን በጣቱ ወደ ጎን ገፋ አደረገና ዝቅ ብሎ መሳቢያ ሳበ።

መሳቢያው ውስጥ ባትሪ ነው። በካርድ በካርድ የታሸገ፣ ያው 2032። አንዳንዱ ካርድ ግማሹ አልቋል። የተቀደዱ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው። እነዚያን ባዶ ክፍሎች ሳይ ነው ነገሩ የገባኝ። ከኔ በፊት ስንቱ መጥቷል! አንዷን በአውራ ጣቱ ፈልቅቆ አወጣ፣ ማብሪያዬን ሳያየው ከተታት፣ ክዳኑን በመዳፉ ጫን አድርጎ ዘጋው። ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች።

«ይኸው ሠራ። ሌላስ?» አለኝ።

«ባትሪ የለውም ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ባትሪ አይበላም ነው ያልኩሽ። ባትሪው ቶሎ አያልቅም ለማለት ነው።»

«ካርቶኑ ላይስ?»

«ካርቶን ነው። ፋብሪካው ለሁሉም አንድ ካርቶን ነው የሚያሳትመው። ካርቶን ነው እንዴ ግድግዳ ላይ የሰቀልሽው?»

ሒሳብ ተቀባይዋ አፏን በእጇ ሸፈነች። ትስቃለች። አንዴ አይታኝ ስልኳ ላይ አቀረቀረች፤ ትከሻዋ ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል። ስለ ልጁ ነገርኩት። ባትሪው አልጋ ሥር መግባቱን፣ ልጁ ወደዚያ መዳሁን። ስጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ልጅሽን ጠብቂ እንግዲህ።»

ገንዘቤን መልስልኝ አልኩት። የተከፈተ ዕቃ አይመለስም አለኝ። እኔ አልከፈትኩትም፣ ወድቆ ነው የተከፈተው አልኩት። «ወድቆ ከሆነማ ጭራሽ ዋስትና የለውም» አለኝ። እንግዲህ ከፈትኩት ብል ጥፋቱ የኔ፣ ወደቀ ብል ጥፋቱ የኔ። ከዚያ ባንኮኒውን በጣቱ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ «የባትሪዋን ክፈይና ሂጂ፣ ሰው እያስጠበቅሽ ነው» አለኝ። እውነቴን ነው። ባትሪ የለውም ብሎ ለሸጠልኝ ዕቃ የባትሪ ክፈይ አለኝ!

ያኔ ሰሌዳው ጋ ያለውን፣ እጁ ላይ የነበረውን ማብሪያ አነሳሁ። ተጫንኩት፤ «ቀጭ» አለ። አምፖሉ ቦግ አለ። «ይህንን ክፈትልኝ፣ ውስጡን ልይ» አልኩት። «እሱ የማሳያ ነው» አለኝ። «እሺ ይህንኑ ሽጥልኝ።» «የማሳያ ነው አልኩሽ እኮ፣ አይሸጥም።»

ሱቁ ጸጥ አለ። ትርዒቱን ሲያይ የነበረው ሰውዬ ያቀፋቸውን ካርቶኖች አየ፣ ማሳያውን አየ። ከዚያ አንድ በአንድ ባንኮኒው ላይ መልሶ ደረደራቸው። ቃል አልተናገረም። ሻጩ በእውነት የተቆጣው ያኔ ብቻ ነው። ስለ ልጄ ስነግረው ያልተለወጠው ፊት በሰውዬው ካርቶን ቀላ። «ሥራ አታስፈቺኝ! ውጪልኝ ከዚህ!» ብሎ በሩን አሳየኝ። ሰውዬውና እኔ አብረን ወጣን። ደጅ ላይ «እግዜር ይስጥሽ» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ሱቅ የሰማኋት ደግ ቃል እሷ ብቻ ነች፣ እሷም የደንበኛ ነች።

ምን ላድርግ ለምትሉ፣ ብዙ የምለው የለኝም። በማሳያው አትግዙ። እናንተ ይዛችሁ የምትሄዱት ካርቶን ውስጥ ያለው ፊታችሁ ይከፈት፤ ጥቅል ሽቦና ማግኔት ካላያችሁ ተዉት። ጣት የማይፈትን፣ ሲጫኑት «ቀጭ» የማይል ከሆነም ተጠራጠሩ። «ባትሪ የለውም» የሚለው ደረሰኙ ላይ በእጁ ይጻፍ፤ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ። ስማርት አምፖል ካላችሁ ደግሞ ሪሲቨሩ መስመር የሚቆርጥ ነው ወይስ ከሀባችሁ (አምፖሎቹን ከስልካችሁ ጋር ከሚያገናኘው ሣጥን) ጋር የሚነጋገር ብላችሁ ጠይቁ። የኔ ደረሰኝ ላይ የተጻፈው «ማብሪያ» ብቻ ነው።

ከዚህ በፊት ለገጠማችሁት ደግሞ፦ ዛሬውኑ ከግድግዳ አውርዳችሁ ክዳኑን በጥፍር ሞክሩት። ከተከፈተላችሁ ለልጃችሁም ይከፈትለታል።